ሸራ የለበሰችው ሶላር

ፀጉር አስተካካይ ወሬ ከጀመረ ማምለጫ የለም። ቶንዶሱ ማጅራታችሁ ላይ እየዞረ ወዴት ትሄዳላችሁ? እኔ ሸዋ ቤንች ከተማ ፀጉር ቤት አለኝ። ሌላው ስለ ኳስ ያወራል፣ የኔ ወሬ ሶላር ነው።

መብራት መጥፋት ሲያበዛ አማን ከተማ ሄጄ ሶላር ገዛሁ። ሻጩ ምን አለኝ መሰላችሁ? ፋብሪካዎቹ ድሮ ሶላሩ የሚሠራበትን ሲሊከን ወፍራም አድርገው ሲቆርጡ ብዙ ይባክን ነበር፤ አሁን ስስ አድርገው ስለሚቆርጡት ዋጋው ቀነሰ፣ አሠራሩን ስላሻሻሉት ደግሞ ጉልበቱ ጨመረ አለኝ። ይህን ሰምቼ ዝም ልበል? ደንበኛውን ሁሉ አንገቱን አስደፍቼ አስተማርኩት።

ምን ዋጋ አለው፣ ባትሪው ከቀትር በኋላ ይደክማል። እኔም ትምህርቴን ገለበጥኩት። ሲያሳሱት ጉልበቱንም አብረው ላጩት፣ እኔን ቢያማክሩኝ ኖሮ እላለሁ። ፋብሪካ በዓይኔ አይቼ አላውቅም።

አንድ ዓርብ ከሰዓት ደንበኛዬ ምትኩ ከሚዜው ጋር መጣ። በማግስቱ ሰርጉ ነው። ግራውን አሳጥሬ ስለ ሲሊከን እያስረዳሁት ቶንዶሱ ቀጥ አለ። ምትኩ መስታወቱን አየ። በግራ ሙሽራ፣ በቀኝ ከጫካ የወጣ ሰው።

"ጋሼ፣ ነገ ቤተ ክርስቲያን የምቆመው እኮ በሁለቱም በኩል ነው" አለኝ።

ፋብሪካውን ስረግም ሚዜው ጣራ ላይ ወጣ።

"ጋሼ፣ ሶላሯን ይሄን ሸራ ማን ነው ያለበሳት?"

እኔ ነኛ። የቡና ገበሬ ልጅ ነኝ። ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ የታጠበ ቡና በቀትር ፀሐይ ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ ይሸፈናል። ያደግኩት ይህን ስሠራ ነው፤ ሞኝና ወረቀት ደግሞ የያዘውን አይለቅም። ስንት ያወጣሁባትን ሶላር ቀትር ይሰንጥቃት? በየቀኑ ወጥቼ አለብሳታለሁ፣ ፀሐዩ በረድ ሲል እገልጣታለሁ። ደንበኞቼ እያዩኝ አንድም ቀን ለምን ያለ የለም። እነሱም የቡና ልጆች ናቸዋ።

ሸራውን ገለጥን። ወዲያው ዝናብ መጣ። አገሩ ደቡብ ምዕራብ ነው፣ ሌላ ምን ይመጣል? የቀረኝ ምላጭ ብቻ ነበር። ሙልጭ አድርጌ ላጨሁት። ምትኩ አናቱ እያብረቀረቀ ተዳረ። እኔ ስሜ ጠፋ ብዬ ሱቄን መክፈት አፈርኩ።

ሰኞ እንደ ምንም ስከፍት ጎረምሳው በር ላይ ተሰብስቧል። የሙሽራውን አድርግልን ይላሉ። ሙሽሪት ወዳዋለች አሉ።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬ በምላጭ ነው። ሶላሯ ቀትሩን ሙሉ ተገልጣ ትውላለች፣ ባትሪው ጢም ይላል፣ ቶንዶሱን ግን የሚፈልግ የለም። የምታሠራልኝ ሬዲዮዬን ብቻ ነው። ሬዲዮው ደግሞ ሶላር ዘንድሮም ረከሰ፣ ጉልበቱም ጨመረ ይላል። ለምን እንደሆነ ለደንበኛዬ ባስረዳው ደስ ይለኝ ነበር። ምን ያደርጋል፣ በምላጭ ሲላጭ አይወራም።