ዘመናዊው አሮጌ ሕንፃ

(መርካቶ፣ በተክለ ሃይማኖት በኩል። ባለ አራት ፎቅ የሲሚንቶ ሕንፃ በር ላይ። ጋሼ በሪሁን፣ የሕንፃው ዘበኛ፣ ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። ኢልያስ፣ መጋረጃ ነጋዴና የተከራዮቹ ተወካይ፣ ከሐዋሳ መግባቱ ነው፤ ሻንጣውን አላስቀመጠም።)

ጋሼ በሪሁን፦ አንዱን ምረጥ እንጂ! አሮጌ ነው ወይስ ዘመናዊ?

ኢልያስ፦ ዘመናዊ ቅርስ ነው አልኩዎት!

ጋሼ በሪሁን፦ ቅርስ ካረጀ በኋላ አይደል እንዴ የሚሆነው?

ኢልያስ፦ እርስዎ የሚያውቁት ቤተ መንግሥትና ሐውልት ነው። አሁን የሲሚንቶ ሕንፃም ይመዘገባል። ከተመዘገበ አይፈርስም፤ አርባ ሱቅ ይተርፋል። ለዚህ እኮ ነው ያን ሁሉ አልሙኒየም... (ቀና ይላል፤ ይደነግጣል) ጋሼ! አልሙኒየሙ የታል?

ጋሼ በሪሁን፦ ሰማያዊው? የሚያብረቀርቀው? ዝናብ እንዳይመታው መጋዘን አስገባሁት።

ኢልያስ፦ ትናንት ደውዬ «ሕንፃውን ያስለብጡት» አላልኩም?

ጋሼ በሪሁን፦ «ያስልጡት» ነው ያልከኝ።

ኢልያስ፦ ያስለ...ብ...ጡት!

ጋሼ በሪሁን፦ ሐዋሳ መናኸሪያ ሆነህ እኮ ነው የደወልከው። «ብ»ን ወያላው ሳይውጣት አልቀረም።

ኢልያስ፦ እና ምን አደረጉ?

ጋሼ በሪሁን፦ አስላጥኩት። ሠራተኞቹ መሰላል አቁመው ታፔላውን፣ ሸራውን፣ ቆርቆሮውን አወረዱት። የሀስናን የጫማ ማስታወቂያ ሳይቀር። ከዚያ በውሃ አጠቡት። እነዚያን የሲሚንቶ ክንፎች አየሃቸው? ሠላሳ ዓመት የጠበቅኩት ሕንፃ ክንፍ እንዳለው ያወቅኩት ትናንት ነው!

ኢልያስ፦ (ራሱን ይዞ) አለቀልን! ዘመናዊ ማለት የሚያብረቀርቅ ነው! ቦሌን አላዩም?

ጋሼ በሪሁን፦ ቦሌ ቅርስ ነው?

ኢልያስ፦ አይደለም!

ጋሼ በሪሁን፦ ታዲያ?

ኢልያስ፦ አያደናግሩኝ! የቅርስ ባለሙያዋ ልታየው አራት ሰዓት ላይ ትደርሳለች። ሠራተኞቹን ይጥሩልኝ፤ ፊቱን እንኳ እንለብጠው።

ጋሼ በሪሁን፦ ፀደይ የምትባል ቀጠን ያለች ልጅ ናት?

ኢልያስ፦ አዎ። የት ያውቋታል?

ጋሼ በሪሁን፦ መጥታ ሄደች።

ኢልያስ፦ ምን?

ጋሼ በሪሁን፦ መንገድ ሳይጨናነቅ ብላ ሁለት ሰዓት ላይ ደረሰች። አስፋልቱ ዳር ቆማ አንጋጣ ስታየው ስታየው፣ እንባዋ መጣ።

ኢልያስ፦ አስጠልቷት ነዋ!

ጋሼ በሪሁን፦ እኔም እንደዚያ መስሎኝ ይቅርታ ጠየቅኳት። እሷ ግን «አባቴ፣ ይሄን ያህል ዓመት የት ደብቃችሁት ነበር?» አለችኝ። ክንፎቹ ምን እንደሚሠሩ ጠየቀችኝ። «እኔ እንጃ ልጄ፤ ብቻ ከሰዓት ፀሐይዋ ስትዞር ደረጃው ላይ አቃጥላኝ አታውቅም» አልኳት። ይሄንንም ጻፈችው።

ኢልያስ፦ ቶሎ ይበሉ እንጂ ጋሼ! ምን ወሰነች?

ጋሼ በሪሁን፦ «ለምዝገባ አቀርበዋለሁ፤ እስከዚያ ማንም አያፈርሰውም» ብላ ወረቀት ለጠፈች። ይኸው በሩ ላይ።

ኢልያስ፦ (አንብቦ ይዘላል) ተረፍን! አርባ ሱቅ ተረፈ! ድሮስ «ያስልጡት» አይደል ያልኩዎት? በደንብ ነው የሰሙኝ!

ጋሼ በሪሁን፦ ሠላሳ ዘጠኝ።

ኢልያስ፦ ምኑ?

ጋሼ በሪሁን፦ ሱቁ። እስከ ታች አንብበው።

ኢልያስ፦ (ድምፁ እየቀነሰ) «ከመጀመሪያው ንድፍ ውጪ... ደረጃው ሥር በኋላ የተለጠፈው... የመጋረጃ ሱቅ... ይነሳል።» ጋሼ! የኔ ሱቅ?

ጋሼ በሪሁን፦ ላስጥልህ ሞክሬ ነበር እኮ። «ይሄ የማን ነው?» ስትለኝ፣ «የተወካያችን ነው፤ ስለ ቅርስ እንደሱ የሚያውቅ ሰው መርካቶ ውስጥ የለም» አልኳት።

ኢልያስ፦ እሺ፣ እሷስ?

ጋሼ በሪሁን፦ «ጎሽ! እንግዲያው እሱን ማስረዳት አያስፈልገንም» አለች።