ሽምግልና በፈጣን ጀልባ ላይ

ሰው በጠብ ተጎዳ ሲባል ይገርመኛል። በእኛ አገር የሚያስፈራው መከባበር ነው! የተጣሉ ሰዎች ቢያንስ ይለያያሉ፤ ነገሩ ያልቃል። የተከባበሩ ሰዎች ግን በር ላይ ቆመው «አንቱ ይቅደሙ»፣ «ኧረ አንቱ ይቅደሙ» ሲባባሉ ወጡ ይቀዘቅዛል፣ መኪናው ያመልጣል፣ ከኋላ የቆመው ሰው ደግሞ ዝናብ ይመታዋል። እኔ በበኩሌ በመከባበር ምክንያት ሐይቅ ውስጥ ገብቼ ወጥቻለሁ። ቆይ፣ አትሳቁ… ከመነሻው ልንገራችሁ።

መርሳ ላይ፣ ዋናው መንገድ ዳር፣ የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ። ከሰርካለም ጋር የተጋባነው የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። ሰርካለም የጉባ ላፍቶ ደጋ ልጅ ናት። ቸኩለን ነበርና አባቷ ዘንድ ሽማግሌ ሳንልክ ማዘጋጃ ቤት ሄደን ፈረምን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ መልቀሙ ከዚያ በኋላ ጀመረ። ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ላክሁ። አባቷ፣ አባባ ካሳው፣ ለመጀመሪያዎቹ «አስብበታለሁ» አሏቸው። ለሁለተኛዎቹ «ዘመድ ላማክር» አሏቸው። ሦስተኛዎቹን በሚገባ አብልተው አጠጥተው፣ «ይቅር ብያለሁ፤ ምርቃቱ ግን ይቆየኝ» ብለው ሸኟቸው።

ይቅርታና ምርቃት አንድ የሚመስላችሁ ከሆነ፣ የደጋ አማት የላችሁም ማለት ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ እኔም እችለው ነበር። ግን ሰርካለም አንድ ቀን ሽንኩርት እየከተፈች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «አባቴ ሳይመርቀኝ አልወልድም» አለች። ሽንኩርቱ ያስለቀሳት መስሎኝ ነበር። አልነበረም። እነሆ ሁለት ዓመት ሙሉ የጎረቤት ሕፃን ሲያለቅስ ሌላው ሰው ሲበሳጭ እኔ እቀናለሁ።

ባለፈው ሰሞን አባባ ካሳው ምርጥ ዘር ሊያዩ ወደ ሲሪንቃ ወረዱና፣ ማደሪያ ሲጠፋ እኛ ቤት አደሩ። ቤታችን ሲገቡ የመጀመሪያቸው ነው። በሉ፣ ጠጡ፣ ቤቱን ከጣሪያ እስከ ወለል ተመለከቱ። ከራት በኋላ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለው ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ እኔና ሰርካለም ተያየን፤ መጣ! እጃችንን ልንዘረጋ ስንል ስንጥር ጠየቁ።

በነጋታው ጓደኛዬን ሙሉጌታን አማከርሁት። ሙሉጌታ ከሱቄ ቀጥሎ ያለው ጋራዥ መካኒክ ነው፤ በዓለም ላይ ያለ ችግር ሁሉ ከጥገና በፊት «ሙከራ» ያስፈልገዋል ብሎ ያምናል።

«ሰውየው ደገኛ ናቸው» አለኝ። «ሲወርድ እንጂ ተኝቶ ያለ ውሃ አይተው አያውቁም። ሐይቅ ወስደን በጀልባ እናንሸራሽራቸው። ልባቸው ካልተከፈተ ይህን ጋራዥ ዝጋው!»

ስልኩን አውጥቶ ማስታወቂያ አሳየኝ። «ደሴቶችንና የዋና ቦታዎችን በፈጣን ጀልባ፣ በአነስተኛ ቡድን ይጎብኙ» ይላል። እኔ ሐይቅ ላይ የማውቀው ደሴት አንድ ነው፤ እሱም ከየብስ ጋር ከተገጣጠመ ስንት ዘመኑ! ዋናም አልችልም። ግን የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ እኔ ደግሞ እርጉዝ ነበር ያጣሁት። አባባን «ሐይቁን ሳያዩ አይመለሱም» ብለን ይዘናቸው ሄድን።

ሚኒባሱ ውስጥ አባባ ጋቢና ተቀመጡ። ይህ በየትም አልተጻፈም፤ ግን በወልድያና በደሴ መንገድ የሚመላለስ ሹፌር ሁሉ ያውቀዋል፦ ሽማግሌ ካለ ጋቢናው የእሳቸው ነው። እኛ ኋላ ተጠጋግተን፣ ውርጌሳን አልፈን፣ ረፋዱ ላይ ውሃው ዳር ደረስን።

ጀልባው ጣሪያ የለውም። ሹፌሩ (ካፒቴን ነኝ ብሎ ነበር፣ ግን ከእኛ መካከል የሰማው የለም) ከኋላ ሞተሩ ጋ ይቀመጣል፤ ፊት ለፊት ሁለት ሰው የሚይዝ ወንበር አለ። ለሁላችንም ብርቱካንማ የመንሳፈፊያ ጃኬት አለበሰን። አባባ ጋቢያቸውን አላወልቅም ስላሉ ጃኬቱ ከላዩ ታሰረላቸው።

«ሽማግሌዎች ኋላ ቢሆኑ ይሻላል፤ ፊት ያንገጫግጫል» አለ ሹፌሩ።

«አባቴን ኋላ?» አለች ሰርካለም።

«አንተ ሰውዬ፣ ለመሆኑ አገርህ የት ነው?» አለ ሙሉጌታ።

ሹፌሩ ሞተሩን መፈተሽ ጀመረ። እኛ ፊት ያለ ወንበር ሁሉ ጋቢና ነው ብለን ወስነናል። ነገሩ በዚህ ያልቅ ነበር፣ አምስተኛው ተሳፋሪ ባይመጡ። ሐጂ ሰይድ የውርጌሳ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ውጭ ያሉ ልጆቻቸው «አባታችን፣ እስቲ ተዝናኑ» ብለው ስላስቸገሯቸው ትእዛዝ ሊፈጽሙ ብቻቸውን የመጡ። ዕድሜያቸው ከአባባ ካሳው እኩል፣ ጢማቸው ትንሽ ይረዝማል።

«ሐጂ፣ ይግቡ፣ ፊት ይቀመጡ» አሉ አባባ።

«ኧረ ወላሂ አይሆንም፤ አንቱ ቀድመው የመጡ!»

«በእመቤቴ፣ አንቱ ቆመው እኔ አልቀመጥም!»

«በአላህ ይዤዎታለሁ!»

«በሚካኤል!»

አንዳቸው አንድ እግራቸውን ጀልባው ላይ፣ ሌላቸው አንድ እግራቸውን መሬት ላይ አድርገው እጅ ለእጅ ተያይዘዋል፤ ጀልባው ደግሞ ቀስ እያለ ከዳሩ ይርቃል። በመጨረሻ ሙሉጌታ ሁለቱንም በወገባቸው አንሥቶ ፊት አስቀመጣቸው። እኛ ወጣቶቹ (እኔን ጨምሮ ማለቴ ነው፣ ቅር አይበላችሁ) ኋላ ተደረደርን።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል። መጀመሪያ ላይ ጀልባው በለሆሳስ ሄደ። አባባ ወዲያ ወዲህ እያዩ «ይገርማል! ይህ ሁሉ ውሃ ሥራ ፈትቶ…» አሉ፤ ፈገግም አሉ። ሰርካለም በደስታ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። ከዚያ ሹፌሩ ነዳጅ ሰጠው።

የፈጣን ጀልባን ጠባይ ለማታውቁ፦ አፍንጫው ይነሣል፣ ከዚያ ውሃውን በጥፊ ይመታል፣ ደግሞ ይነሣል። ኋላ የተቀመጠ ሰው ነፋስ እየተቀበለ ይሄዳል። ጥፊው የፊተኞቹ ድርሻ ነው።

ጷ! «እመብርሃን!» አሉ አባባ።

ጷ! «ያ ረቢ!» አሉ ሐጂ።

ጷ! ሁለቱም አንድ ላይ። በየጥፊው አንድ ባልዲ የሚሆን ውሃ ተነሥቶ ጋቢው ላይ ያርፋል። እኛ ኋላ ጠብታ አልነካንም። የሙሉጌታ ፀጉር እንኳ እንደተበጠረ ነው። ሰርካለም ወደ እኔ ዞር ብላ አየችኝ፤ በዚያ አስተያየት ውስጥ ልጅም፣ የልጅ ልጅም አልነበረም።

«ቀስ በል እንጂ!» አልሁት ሹፌሩን።

«ነፋስ ተነሥቷል፤ ቀስ ብልም ፊት ፊቱን መምታቱ አይቀርም። ኋላ ይምጡ ብዬ ነበር…»

«አባባ!» ብዬ ጮህሁ። «ኋላ ቢመጡ አይሻልም?»

«ሐጂ ተቀምጠው እኔ ልነሣ?» አሉ፣ ጢማቸው እየተንጠባጠበ።

«ሐጂ፣ እርስዎስ?»

«እሳቸውን ጥዬ? ምን ሲደረግ!» ጷ! «ያ ረቢ!»

እነሆ ሁለት የተከበሩ ሽማግሌዎች፣ አንዱ ለሌላው ክብር ሲል፣ በሰላም አገር በውሃ ይደበደባሉ። ሁለቱም መነሣት ይፈልጋሉ። ቀድሞ የሚነሣው ግን ከሁለቱ የማያከብረው ሊሆን ነው። እንዲህ ያለውን ነገር በእኛ አገር የሚፈታው አንድ መንገድ ብቻ ነው።

«ሽማግሌ ይላክ» አለች ሰርካለም።

ሙሉጌታን ላክነው። በሚዘለው ጀልባ ላይ በጉልበቱ እየዳኸ ሄደና፣ እንደ ደንቡ ኮፍያውን አውልቆ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ «ቤቶች!» አለ።

«ማን ላከህ?» አሉ አባባ።

«ከኋላው ወንበር ተልኬ ነው። ሁለታችሁም በክብር ወደ ኋላ እንድትመጡልን…» ጷ! «…ለመለመን ነው።»

አባባ ፊታቸውን በእርጥብ ጋቢ ጠረጉ።

«አስብበታለሁ» አሉ።

ሰርካለም ዓይኗን ጨፈነች። ይህን መልስ ከእኔና ከእሷ በላይ የሚያውቀው የለም፤ ቀጥሎ ዘመድ ማማከር ይመጣል። ደግነቱ ሐጂ ጣልቃ ገቡ። «ወንድሜ፣ ዘመዱ ሁሉ የብስ ላይ ነው፤ እዚሁ እንጨርሰው። እኩል እንነሣ። አንዳችን ካንዳችን ሳንቀድም።»

ፍርድ ማለት ይህ ነው! እኔ መካከል ቆሜ ለአንዳቸው ቀኝ፣ ለአንዳቸው ግራ እጄን ልሰጥ፣ ሙሉጌታ እስከ ሦስት ሊቆጥር ተስማማን። «አንድ… ሁለት… ሦስት!» ማንም አልተነሣም። ለካ እያንዳንዳቸው ሌላው እስኪነሣ እየጠበቁ ነው። «እንደገና! አንድ… ሁለት… ሦስት!» አሁን ሁለቱም ባንድ ጊዜ፣ እንደ ወጣት፣ ብድግ አሉ። ሹፌሩ «ተቀመጡ!» ብሎ ሲጮህ ሰምቻለሁ። እነሱም ሁለቱንም እጆቼን እኩል ለቀው እኩል ተቀመጡ። የምይዘው ያጣሁት እኔ ነበርሁ።

ስለ ሐይቁ የምነግራችሁ፣ ቀዝቃዛ ነው። አፌ ሞልቶ ሳለ ሦስት ነገር አሰብሁ፦ ሱቁን ቆልፌያለሁ፣ ዋና አልችልም፣ ልጅ የለኝም። ሦስተኛው ከውሃው ይልቅ ደረቴን ተጫነኝ። ከዚያ ጃኬቱ ወደ ላይ አወጣኝና እንደ ቡሽ ተንሳፈፍሁ። ጀልባው ዞሮ መጣ፤ ሞተሩ ጠፋ፤ ሰርካለም ስትጮህ ሰማሁ።

«አባዬ! ሳይመርቁን ሊሞትብኝ ነው! አባዬ!»

ሹፌሩ መቅዘፊያውን ዘረጋልኝ። ልይዘው አንድ ክንድ ሲቀረኝ፣ አባባ ካሳው ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ አነሡ።

«ውለዱ! ክበዱ!» አሉ።

ወገኖቼ፣ የወሎ ሰው ምርቃት ሲሰማ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። ሰርካለም መዳፏን ዘረጋች። ሙሉጌታ ዘረጋ። ሐጂ ዘረጉ። ሹፌሩም፣ አገሩ የት እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ፣ መቅዘፊያውን አስቀምጦ መዳፉን ዘረጋ። በጀልባው ላይ ዐሥር እጅ አለ፤ እኔን የሚያወጣ ትርፍ እጅ ግን የለም!

«ቤታችሁ ይሙቅ!»

«አሜን!»

«ዘራችሁ እንደ ሰማይ ኮከብ ይብዛ!»

«አሜን!»

እኔስ? ሁለት ዓመት የጠበቅሁትን ምርቃት እጄን አጥፌ ላሳልፈው? መዳፌን ከውሃው በላይ ዘርግቼ «አሜን» አልሁ። ማዕበሉ ደግሞ በየአሜኑ ትንሽ ትንሽ ይወስደኛል።

«ዕድሜ ይስጣችሁ! ከእሳት ቃጠሎ፣ ከውሃ ስጥመት ይሰውራችሁ!»

ይህችን «አሜን» ከሁሉም አስበልጬ ጮህኳት። የደጋ ምርቃት እንደምታውቁት በሬውንም፣ ጎተራውንም፣ አዝመራውንም አይረሳም። በሬው ላይ ስንደርስ ከጀልባው የአንድ ግቢ ያህል ርቄያለሁ። አለቀ ስል «ሐጂ፣ አንቱ ደግሞ ይጨምሩበት» አሉ አባባ። ሐጂም «አንቱ ካሉ በኋላ እኔ ምን እላለሁ?» አሉ፤ ተግደረደሩ፤ ተለመኑ፤ ከዚያ እሳቸውም አላሳጠሩትም። «አላህ በረካ ያድርግላችሁ!» «አሚን!» አልሁ ከሩቅ።

ሲያወጡኝ ጥርሴ ይንገጫገጫል። ሰርካለም አቅፋኝ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች። ደስ አለኝ። እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ይህን ቀልድ አልጨምርበትም።

የዋና ቦታ በተባለው ዳር ወረድን። ሹፌሩ «ዋና የምትፈልጉ?» ሲል ሁሉም ወደ እኔ አዩ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ከጀልባው ሲወርዱ ያው «አንቱ ይቅደሙ» ተጀምሮ ነበር፤ ዘርዝሬ አላደክማችሁም። በኋላ አባባ ጋቢያቸውን አውልቀው ጠሩኝ። የራሰ ጋቢ ለአንድ ሰው አይጠመዘዝም። አንዱን ጫፍ እሳቸው፣ አንዱን እኔ ያዝን፤ እሳቸው ወደ ቀኝ፣ እኔ ወደ ግራ።

ሐቀኛ መሆን ፈለግሁ። ምርቃቱን በማጭበርበር የወሰድሁ መሰለኝ።

«አባባ» አልሁ፣ «እውነቱን ለመናገር… አልሰጥምም ነበር። ጃኬቱ ያንሳፍፋል።»

«አውቃለሁ።»

«ያውቃሉ?»

«ሹፌሩ ሲያለብሰኝ ነግሮኛል። ይህን ያሰረ አይሰጥምም አለኝ።»

ጋቢው በእጄ ላይ ላላ። «ታዲያ… ለምን መረቁን?»

ወደ ሰርካለም አዩ። ከሐጂ ጋር ቆማ፣ እኔን ስታቅፍ የራሰ ልብሷን እያራገፈች ትስቃለች።

«ሦስት ጊዜ ሽማግሌ መልሻለሁ፤ አገር ሰምቷል። ከአፌ የወጣውን በምን ልዋጠው? የልጅ ልጅ ሳላይ ልሞት ነው እያልሁ፣ ምክንያት ስፈልግ ሁለት ዓመቴ» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ደግ ጊዜ ወደቅህልኝ። በል አሁን ጠበቅ አድርገህ ያዝ፤ ገና ውሃ አለው።»