የድርቮኖሻ ሻማ

ስሙን ለመናገር ወንበር ስቦ የሚቀመጥ ሰው በየመንደሩ አንድ አይጠፋም። እኛ ተራዎቹ «ማን ልበል?» ስንባል ስማችንን ጣል አድርገን እናልፋለን። እሱ ግን ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ኮፍያውን ያወልቃል፣ ከዚያ ከቅድመ አያቱ አባት ይጀምራል። ሻዩ ይቀዘቅዛል፣ አውቶቡሱ ያመልጣል፣ ታሪኩ ግን ገና ከቱርኮች ዘመን አልወጣም። እንዲህ ያለ ጎረቤት የሌለው ሰው ካለ ዕድለኛ ነው። እኔ ዕድለኛ አልነበርኩም።

የእኔው ጎረቤት ክቡርነታቸው ቪቶሚር ድርቮኖሻ ነበሩ። ከቫልዬቮ ከተማ በላይ፣ አቀበቱ ላይ፣ የእሳቸው የፕሪም ዛፎችና የእኔ እንጆሪ በአንድ አጥር ይለያያሉ። አጥሩ ደግሞ ወሬ አያቆምም።

ድርቮኖሻ ማለት እንግዲህ እንጨት ተሸካሚ ማለት ነው። እንደ ክቡርነታቸው አባባል የመጀመሪያው ድርቮኖሻ ሕዝቡ በቱርኮች ላይ ሲነሣ ሰንደቅ ይዞ ከጦሩ ፊት የዘመተ ጀግና ነው። ጨርቁ በጥይት ነድዶ ሲያልቅ እንጨቱን ብቻ አንግቦ ወደፊት ቀጠለ ይላሉ። መንደሩ ደግሞ የመጀመሪያው ድርቮኖሻ በቅሎ መግዣ አጥቶ የቄሱን ማገዶ በጀርባው ሲያመላልስ የኖረ ድሃ ነው ይላል። ይህን ሁለተኛውን ታሪክ ፊታቸው የደገመ ሰው የፕሪም አረቄያቸውን ዳግመኛ አልቀመሰም።

«በመላው ሰርቢያ አንድ ቤት!» ይላሉ ጣታቸውን ቀስረው። «አንድ! ነገሥታቱ እንኳ ሁለት ቤት ነበሩ።»

እኔ ዮቫኖቪች እባላለሁ። ክቡርነታቸው ለዚህ ሕመሜ ያዝኑልኝ ነበር። «ዮቫኖቪች! እዚህ አገር ዓይንህን ጨፍነህ ድንጋይ ብትወረውር የሚጮኸው ዮቫኖቪች ነው። እንደው ፖስተኛው በምን ይለያችኋል? ዝክራችሁም ኒኮላስ! ግማሹ አገር የሚዘክረው፣ ግማሹ አገር ሊበላ የሚሄደው። ያውም በጾም፣ በዓሣ!»

እኛ ዘንድ እያንዳንዱ ቤት አንድ ቅዱስ አለው። ዝክሩ ከአባት ለወንድ ልጅ ይወርዳል፤ ሴት ልጅ ስታገባ የባሏን ቅዱስ ትዘክራለች። በዕለቱ ከጠዋት ሻማ ይበራል፣ ቄስ መጥቶ ዳቦ ይባርካል። ወራሽ ያጣ ቤት «ሻማው ጠፋ» ይባላል። የክቡርነታቸው ቅዱስ ኅዳር ላይ የሚውለው ሚካኤል ነው። ልጃቸው ግን አንዲት ሴት፣ ጎርዳና ብቻ ናት። ሚስታቸው ቀድመዋቸው ሄደዋል። ወንድም የላቸውም፣ የወንድም ልጅም የለም። ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው። ሰውየው በስማቸው የሚኮሩትን ያህል በስማቸው ይሸበሩ ነበር፤ እኛ የምናየው ግን ኩራቱን ብቻ ነበር፣ እሱም አሰልቺ ነበር።

አንድ ቀን ጤና ጣቢያ ተራ እየጠበቅን ነው። እኔ ሳል ይዞኝ ከእሳቸው ቀጥሎ ተቀምጫለሁ። አንዲት ወጣት ነርስ በሩን ከፍታ «ቪቶሚር!» ብላ ተጣራች። ክቡርነታቸው ንቅንቅ አላሉም።

«ቪቶሚር! አባባ፣ እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«ቪቶሚር ብዙ ነው፣ ልጄ። ሙሉውን ጥሪው።»

«ቪቶሚር ድ... ድርቮ... ኧረ ምንድን ነው ይሄ?»

«ድርቮኖሻ። አሁን ጮክ ብለሽ።»

ልጅቷ ጮክ ብላ ጠራችው። ወረፋ የያዘው ሁሉ ዞር አለ። ክቡርነታቸው ኮታቸውን አስተካክለው ተነሡ፣ አንድ እርምጃ ሄዱና ቆሙ። «አንድ ጊዜ ድገሚልኝ» አሏት። እኔ ከኋላ እየሳልኩ ነው። ደገመችላቸው። የዚያን ቀን የደም ግፊታቸው የጎረምሳ ሆኖ ተገኘ፤ የእኔ ወጥቶ ነበር።

በጎርዳና ሠርግ ላይ የሆነውን ግን እንዲህ ቀለል አድርጌ ማውራት አልችልም። ሙሽራው ኔናድ ማርኮቪች ይባላል፤ ደህና ልጅ ነው፣ ትንሽ ቀልድ ያበዛል። ክቡርነታቸው ብርጭቆ ይዘው ሲነሡ ሊመርቁ ነው ብለን ዝም አልን። የሠርጉ ባንድ መለከቱን ከአፉ አወረደ።

«ኔናድ» አሉ፣ «ልጄን ሰጥቼሃለሁ። አንተም አንድ ነገር ትሰጠኛለህ። ስምህን ጣልና ስሜን ውሰድ። ለማርኮቪች አንድ ሰው ቢጎድል ምን ይሆናል? አገሩ ሞልቶ የለም እንዴ!»

የሙሽራው አባት ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ጎርዳና ፊቷ በርበሬ መሰለ።

«አባዬ፣ በናትህ ተቀመጥ። ሰው ፊት አታዋርደኝ።»

«እኔ ነኝ ያዋረድኩሽ? ነገ ጠዋት ማርኮቪች ሆነሽ የምትነሺው አንቺ!»

ኔናድ ነገሩን ሊያበርድ ፈልጎ፣ «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጀርባዬን ያመኛል፤ እንጨት መሸከም አልችልም» አለ። ድንኳኑ በሳቅ ፈነዳ። ባንዱ መለከቱን ነፋ፣ ጭፈራው ቀጠለ። ክቡርነታቸው ቀስ ብለው ተቀመጡ። በጎመን ተጠቅልሎ የተሠራው ሥጋ ፊታቸው ቀዘቀዘ፤ አልነኩትም።

«ሳቁ፣ አይደል?» አሉኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው። «ዮቫኖቪች፣ ሳቁብኝ።»

እኔም ስቄ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው አንድ የመንደራችን የጭነት መኪና ሹፌር ወሬ ያመጣው። በሰሜን፣ ሶምቦር የሚባለው ከተማ ዕቃ ሲያራግፍ አንድ በር ላይ «ድርቮኖሻ» የሚል የስም ሰሌዳ አየሁ አለ። ክቡርነታቸው በማግስቱ የሠርጉን ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ አንድ ጠርሙስ አረቄና በጭስ የደረቀ አንድ ሙሉ የአሳማ ጭን ይዘው አጥሩ ላይ ቆሙ።

«ዮቫኖቪች፣ መኪናህን አስነሣ። ዘመድ ልጠይቅ ነው።»

«በአውቶቡስ አይሻልም፣ ጋሽ ቪቶሚር?»

«ይሄን ጭን ታቅፌ? ምን ነካህ?»

መንገዱን ሙሉ ዕቅድ አወጡ። ሰውየው ወንድ ልጅ ካለው በየዓመቱ ለሚካኤል ይመጣል። ሁለት ካለው ደግሞ አንዱ እኛ ጋ ይቀራል፣ ቤቱም የፕሪሙ ማሳም የእሱ ይሆናል። ሜዳው አላልቅ እያለ፣ በቆሎው ግራና ቀኝ እየሮጠ፣ ሶምቦር ስንደርስ ያላየነውን ልጅ ድረው የልጅ ልጅ ክርስትና ላይ ነበሩ።

በሩን አንዲት ሽማግሌ ሴት ከፈቱ። ክቡርነታቸው ኮፍያቸውን አውልቀው፣ «የድርቮኖሻ ቤት ነው?» አሉ።

«ነበር» አሉ ሴትዮዋ።

ወንበር አቀረቡልን፣ ቡና አፈሉልን። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ስሙን ግን ከመሞታቸው በፊት በፍርድ ቤት ቀይረውታል። «ልጆቹ ትምህርት ቤት መከራቸውን በሉ» አሉ ሴትዮዋ። «‹ና እንጨት ተሸከምልኝ› እያሏቸው በየቀኑ አልቅሰው ይመጣሉ። ምን ያድርግ አባታቸው? የበሩ ሰሌዳ ማንም ሳይነቅለው ቀርቶ ነው።»

«ታዲያ አሁን ማን ተባሉ?»

«ዮቫኖቪች።»

ክቡርነታቸው ዞር ብለው አዩኝ። እኔ የሰረቅኳቸው ይመስል ነበር አስተያየታቸው። እኔ ደግሞ በሕይወቴ እንደዚያን ቀን በስሜ አፍሬ አላውቅም። ከዚያ የአሳማውን ጭን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና፣ «እመቤቴ፣ ሰሌዳዋን ይስጡኝ» አሉ። በቢላ ጫፍ ነቅለው ጉልበታቸው ላይ አድርገው እስከ ቤት ድረስ ይዘዋት መጡ። አጥራቸው በር ላይ ከራሳቸው ሰሌዳ ሥር ቸነከሯት። መንገደኛ ከሩቅ ሲያየው ሁለት የድርቮኖሻ ቤተሰብ አብሮ የሚኖር ይመስለዋል።

ለዝክር ሰው አይጠራም። ወጋችን ነው፤ አንዴ የመጣ ሰው ዕድሜ ልኩን ይመጣል። ክቡርነታቸው ቤትም ድሮ ሰው ግቢ ድረስ ይተርፍ ነበር። ከዚያ ግማሹ ሞተ፣ ግማሹ ከተማ ገባ፣ የቀረው ደግሞ የሰንደቁን ታሪክ ሸሸ። እሳቸው ግን በየዓመቱ በሚካኤል ዋዜማ የእኔን ወንበሮች ይዋሱ ነበር። እኔም በማግስቱ ሄጄ የራሴ ወንበር ላይ ተጋባዥ ሆኜ እቀመጣለሁ።

ባለፈው ዓመት የመጣነው ቄሱና እኔ ብቻ ነበርን። ጠረጴዛው ከዳር እስከ ዳር ተሞልቷል፤ የተቀቀለው ስንዴ፣ ሥጋው፣ አረቄው። ክቡርነታቸው ከስተው ኮታቸው ሰፍቷቸዋል። ዳቦው ሲባረክ ባለቤቱና ወንድ ልጆቹ ከቄሱ ጋር ይዘው ያዞሩታል፣ ወይን በመስቀል ይፈስበታል። በእሳቸው ወገን ሌላ የሚይዝ ስለሌለ ዳቦው አዘመመ።

«ዮቫኖቪች፣ ምን ትገተራለህ? ያዝ እንጂ!» አሉኝ ቄሱ።

«አባ፣ እኔ እኮ የቤቱ ሰው አይደለሁም።»

«ታዲያ ማንን ልጥራ?»

ባዶዎቹን ወንበሮች አየኋቸው። ያዝኩ።

ቄሱ ከሄዱ በኋላ ክቡርነታቸው አረቄ ቀዱልኝና የራሳቸውን ሳይነኩ ተቀመጡ። የሰንደቁን ታሪክ ጠበቅኩ። አልመጣም።

«የፕሪሙን ማሳ ላንተ ትቼዋለሁ» አሉ። «ለጎርዳና ነግሬያታለሁ። ወጉን ታውቃለህ። የጠፋ ቤት ማሳ የያዘ ሰው ሻማውን ያበራል።»

«ጋሽ ቪቶሚር፣ እኔ የራሴ ኒኮላስ አለኝ እኮ።»

«አውቃለሁ። የአገሩ ሁሉ ኒኮላስ አለህ።» ፈገግ ሊሉ ሞከሩ። «ስሜን ውሰድ አላልኩህም። ማንም እንደማይፈልገው ገብቶኛል። እኔ መሞት አልፈራም። የሚያስፈራኝ፣ ከእኔ በኋላ ስሙን አንድም ሰው ከአፉ አያወጣውም፤ ጤና ጣቢያ እንኳ። በዓመት አንድ ቀን አንድ ሰው ይጥራው። ሌላ አልለምንህም።»

«ይሁን» አልኩ።

ወደ ሻማው ዞር ብለው፣ «እንጨቱ ደግሞ የማገዶ ነው» አሉ።

«ምን አሉኝ?»

«ሰንደቁን እኔ ነኝ የጨመርኩት። አባቴ የነገረኝ ማገዶ ነው። ማገዶ ለተሸከመ ሰው ማን ሻማ ያበራል ብዬ ነው።»

ያን ታሪክ ስንት ጊዜ በልቤ ስሰድበው ኖሬአለሁ። በዚያች ሰዓት ግን እንደገና ከመጀመሪያው ቢያወሩልኝ ብዬ ተመኘሁ። ሳያወሩ ሸኙኝ።

ፕሪሙ ሳያብብ ሞቱ። የሞታቸው ማስታወቂያ እንደ ልማዱ በየምሰሶውና በየዛፉ ተለጠፈ። አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ሁለት ወጣቶች ቆመው ሲያነቡ ደረስኩ። «ድርቮኖሻ? ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ስም ነው?» አለ አንደኛው። ቆሜ ማስረዳት ጀመርኩ። ጥይቱ ሰንደቁን ያቃጠለበት ቦታ ስደርስ አውቶቡሱ መጣና ገቡ። እኔም ልሳፈርበት የነበረው አውቶቡስ ነበር፤ አመለጠኝ።

ዘንድሮ ሚካኤል ደረሰ። ጎርዳና ደውላ ለረጅም ጊዜ አለቀሰች፤ ልጇ ታሞባት መምጣት አልቻለችም። የቤቱ ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው። ከጠዋት ወንበሮቼን አንድ በአንድ በጀርባዬ ተሸክሜ በአጥሩ ቀዳዳ አሻገርኩ። ሚስቴ ዳኒካ በመስኮት ብቅ ብላ ታየኛለች።

«አንተ እንጨት ተሸካሚ! ለማን ነው ይሄ ሁሉ ወንበር?»

«ለዝክር ሰው አይጠራም» አልኳት።

ከሁለቱ ሰሌዳዎች ሥር ቆሜ መንገዱን አየሁ። የሹፌሩ ውሻ አለፈ። ሌላ የመጣ የለም። እውነቱን ለመናገር ይመጣል ብዬም አልነበረም፤ ግን ወንበር ዘርግቶ መጠበቅ ምን እንደሚመስል ገባኝ። ሰውየው ይህን ሁሉ ዓመት እንዲህ ሲጠብቁ ነው የኖሩት። እኔም ብሞት ይህን ሻማ ማን ያበራዋል ብዬ አሰብኩ።

ቄሱ እያለከለኩ ደረሱ። የዚያን ቀን ብዙ የሚካኤል ቤት አለባቸው። ሻማውን አበራሁ። ዳቦውን በአንድ ወገን እሳቸው፣ በሌላው ወገን እኔ ያዝን።

«ጌታ ሆይ፣ የአገልጋይህን የቪቶሚርን ቤት...» ብለው በጥድፊያ ጀመሩ።

ዳቦውን አላዞርኩም።

«አባ» አልኩ፣ «ሙሉውን ይጥሩት።»

ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። የሚቀልድ ሰው ፊት ስላላዩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የአገልጋይህን የቪቶሚር ድርቮኖሻን ቤት።»

«አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ» አልኳቸው። «ጮክ ብለው።»