የእትዬ ብሩሽ ግድግዳ

ማንም ሳይሾመው ራሱን በራሱ የሾመ ሰዓሊ የሌለበት ሰፈር የለም። «በእኛ ሰፈር የለም» የሚል ካለ ሰፈሩን በደንብ አላየም፤ አለዚያም ሰዓሊው እሱ ራሱ ነው። ይህ ሰው ትምህርት ቤት አልገባም፣ አስተማሪ አላየም፣ አስተያየት የሚባል ነገር ደግሞ አይወድም። የእኛዋ ክብርት ሰዓሊ እትዬ ብሩሽ ይባላሉ።

እትዬ ብሩሽ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናቸው። ሥዕል የጀመሩት በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው፣ ባለቤታቸው ጋሽ ሾፌር ከጭነት መኪና ላይ ወድቀው ወገባቸው የተሰበረ ጊዜ ነው። ሐኪሞቹ በቀኝ ጎናቸው ብቻ እንዲተኙ አዘዙ። ክፍሉ መስኮት የለውም፤ በሩም በጀርባቸው በኩል ነው። እኛ ጎረቤቶች አልጋውን ለማዞር ሞክረን በሩ አልከፈት አለን። ሠላሳ ዓመት አገር ላገር ሲዞሩ የኖሩ ሰው ባዶ ግድግዳ ላይ ዓይናቸውን ተክለው መዋል ጀመሩ። በሦስተኛው ሳምንት መብላት አቆሙ።

እትዬ ብሩሽ አላለቀሱም። ካለቀሱም ልብስ ማጠቢያው ቤት ነው። የባላቸውን የጢም መላጫ ብሩሽ አነሱና ግድግዳው ላይ ድልድይ ያለው መንገድ ሳሉ። ሰማዩ የሆስፒታል አንሶላ ከሚነጣበት ሰማያዊ ዱቄት፣ አፈሩ ከተፈጨ ጡብ፣ አስፋልቱ ከከሰል ነው። አስፋልቱ ላይ አንድ የጭነት መኪና አቆሙ። ጋሽ ሾፌር መኪናውን ከፊት እስከ ኋላ መረመሩት።

«የኋላ ጎማው ንፋስ የለውም።»

«እሞላዋለሁ። አንተ መጀመሪያ ሾርባውን ጠጣ።»

ጠጡ። ጎማውም ተሞላ።

ከዚያ ወዲህ ማን ያቁማቸው! ሰው የሌለበት መንገድ ምኑ መንገድ ነው ብለው ጎረቤቱን አንድ በአንድ ግድግዳው ላይ አሰፈሩት። ልብስ ሰፊዋ አፏን ከፍታ ተሳለች። ብታኮርፍ «የምትዘጊበትን ሰዓት ንገሪኝና መጥቼ እዘጋዋለሁ» ተባለች። እኔ መላጣዬ ፍጥጥ ብሎ ተሳልኩ። ኮፍያ እንዲደፉልኝ ብለምን «እኔ ያየሁትን ነው የምስለው» አሉ፤ የዘወትር መፈክራቸው ናት። ይባስ ብለው በየዓመቱ መላጣዬ በሰፋ ቁጥር እርጥብ ጨርቅ ይዘው ግድግዳው ላይም ያሰፉታል። ሰው እንዴት በሰው መላጣ ላይ እንዲህ ይጨክናል? እኔም ተናድጄ ላገኘሁት ሁሉ «ሴትየዋ እቴ! አፍንጫ እንኳ አያውቁበትም» እያልኩ አወራ ነበር።

ባለፈው ወር አከራዩ መጣ። ቤቶቹን በቅርቡ ከአባቱ የወረሰ ጎልማሳ ነው።

«እትዬ፣ ይሄ ነገር ይጥፋ። ግድግዳዬን አበላሽተውታል።»

«ግድግዳው ያንተ ነው ልጄ። መንገዱ ግን የእሱ ነው» አሉ ወደ አልጋው በአገጫቸው እየጠቆሙ።

«እንግዲያው ቤቱን ይልቀቁልኝ።»

«እሺ፤ እሱን ተሸከምና ከፊት ከፊት ሂድ። እከተልሃለሁ።»

አከራዩ ጋሽ ሾፌርን አየ፣ ክብደታቸውን በዓይኑ መዘነ፣ ወጣ። በማግስቱ ግን እትዬ ብሩሽ ሥራ ላይ ሳሉ ነጭ ቀለም በባልዲ ይዞ ተመለሰና ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ለቀለቀው። ጋሽ ሾፌር መንገዳቸው ሲጠፋ ተኝተው ያያሉ፤ «ተው» ከማለት በቀር አቅም የላቸውም። እኛ ጎረቤቶች በር ላይ ተኮልኩለናል። ባለቤቴ «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ብላ ተቆጣች፤ የቤቱ ባለቤት ራሱ አከራዩ መሆኑ ትዝ ያለን ቆይቶ ነው። መላጣዬ በነጭ ቀለም ሲሸፈን ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። አላለኝም።

እትዬ ብሩሽ ከሥራ ሲመለሱ አሁን ጮኹ፣ አሁን ወደቁ እያልን ጠበቅን። ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ደርቋል።

«ጎሽ!» አሉ። «ድሮም መጀመሪያ ነጭ መቀባት ነበረበት። መግዣ አጥቼ ነው እንጂ።»

ብሩሹን አነሱና ወደ ባላቸው ዞሩ። «በል ሾፌሩ፣ ዛሬ ከየት እንነሳ?»

ጋሽ ሾፌር ጉንጫቸው እንደረጠበ «ከድልድዩ» አሉ።

ከሳምንት በኋላ አከራዩ ነጩን ግድግዳውን ሊያይ ቢመጣ ድልድዩ መሐል ራሱን ተስሎ አገኘ። ባልዲውን ይዟል፣ ቦርጩ ከቀበቶው አልፎ ተንጠልጥሏል።

«ይሄ እኔ ነኝ?»

«ያየሁትን ነው» አሉ እትዬ ብሩሽ።

ጋሽ ሾፌር ከአልጋቸው «መንገድ ዘግተሃል ልጄ፣ ጥግህን ያዝ» አሉት።

ሰውየው ራሱን በራሱ ነጭ ለመለቅለቅ እጁ እሺ ሳይለው ቀርቶ ሄደ። በማግስቱ ንጹህ ሸሚዝ ለብሶ መጣና ቦርጩ ትንሽ እንዲቀነስለት ለመነ። አልተቀነሰለትም። ግድግዳውን ግን ከዚያ ወዲህ አልነካውም።

አሁን ግድግዳው ከግማሽ በላይ ሞልቷል። ልብስ ሰፊዋ ተሳለች፣ ባለቤቴም ተሳለች። እኔ ብቻ ቀረሁ። በቀን አራት ጊዜ በበራቸው አልፋለሁ፤ የሚጠራኝ የለም። ትናንት አላስችል ብሎኝ ጋሽ ሾፌርን የምጠይቅ መስዬ ገባሁ። እትዬ ብሩሽ ፊታቸውን እንኳ አላዞሩም።

«ተራህ ገና ነው» አሉኝ። «ከድልድዩ ማዶ ቦታ ይዤልሃለሁ።»

ለማንም አልተናገርኩም እንጂ፣ እንደ ትናንት ደስ ብሎኝ ቤቴ የገባሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።