ከጽዋው ጋር የሚዞረው ላፕቶፕ

በሃይማኖት የተለያዩ ባልና ሚስት ተቻችለው ሲኖሩ አይቻለሁ፤ በኮምፒውተር ሲስተም የተለያዩ ሁለት ሰዎች ግን አንድ ላፕቶፕ ሲካፈሉ አላየሁም። እናንተም አትሞክሩት!

እዚህ ኻርቱም የሚካኤል ማኅበራችን አዋጥቶ ላፕቶፕ ገዛ። የት ይቀመጥ? "ጽዋው በየወሩ ከቤት ቤት ይዞር የለ? እሱም አብሮ ይዙር" ተባለና አጨበጨብን። ምነው ያኔ እጃችንን በያዘን! ጽዋው ጀሪፍ ሰፈር ጋሽ ግርማ ቤት ሲገባ ዊንዶውስ ይጫናል። "የሥራ ሰው ያለዚህ አይሠራም" ይላሉ። ወደ ቡሪ ሰፈር፣ ጋሽ ታደሰ ዘንድ ሲሻገር ደግሞ ያ ሁሉ ተጠርጎ ሊኑክስ ይገባል። "በነፃ እያለ ምን አስገዛን?" ይላሉ እሳቸው። እኔ የዴም ሰፈሯ፣ አማርኛ እስከጻፈልኝ ድረስ ቢፈልግ በከሰል ይሥራ ባይ ነኝ።

በተራዬ የልጄን የሰርግ መጥሪያ ጻፍኩበት። የሁለቱ ቤተሰብ ሽማግሌዎች 'የማን ስም ይቅደም' እያሉ ሲነታረኩ ከርመው በመከራ የተስማሙበት ጽሑፍ ነው። "ሌላ ቦታ አታስቀምጪም ነበር?" ትሉኝ ይሆናል... ማን ነግሮኝ! ሰርጉ ሲደርስ ላሳትም ብዬ ቡሪ ብሄድ፣ ባዶ!

"ጋሽ ታደሰ፣ መጥሪያዬስ?"

"ወላሂ አልነካሁም! ግርማ ነው የጠረገው።"

ጀሪፍ ደወልኩ።

"እኔ? ታደሰ ነው እንጂ፣ ያ ኡኽቲ፣ እህቴ!"

የማኅበራችን ሙሴ፣ ሰብሳቢያችን ማለቴ ነው፣ ሁለቱንም ሰምተው ፈረዱ። "ሽማግሌዎቹን እንደገና አናጣላም። ባንድ ባለሦስት እግር ረክሻ ተሳፍራችሁ እንግዳውን በቃል ጥሩ። ያላ!"

ደስ አለኝ... ሞኝነቴ! ጋሽ ግርማ ጀሪፍን በሙሉ ጠሩ። ጋሽ ታደሰም እበለጣለሁ ብለው ከቡሪ ሰው አላስቀሩም። የሰርጉ ዕለት መርፌ መጣያ ጠፋ። ባለ ረክሻው እንኳ ቤተሰቡን ይዞ መጣ። ሙሽሮቹ ሳይደርሱ ምግቡ አለቀ፤ እኔም አፍሬ እንባዬ መጣ። ሁለቱ ባዶው ድስት አጠገብ ቆመዋል።

"ያንተ እንግዶች ናቸው የጨረሱት!" አሉ ጋሽ ግርማ።

"ቀድመው ስለደረሱ ነዋ! ፍጥነት ይሉሃል ይኼ ነው!"

ልጄ ከነቬሎዋ ጠጋ ብላ፣ "ማማ፣ አና ጀዓና" አለችኝ፤ ራበኝ ማለቷ ነው።

ውድድር ለተጠቃሚው ይበጃል የሚል ሰው ካጋጠማችሁ እባካችሁ ወደ እኔ ላኩት። የኔዋ ተጠቃሚ በሰርጓ ዕለት ጦሟን አድራለች።