አቶ ሉቦሚር ሸረሪት ሊገዙ ነው

የማይገዛ ደንበኛ የሌለው ገበያ፣ ገበያ አይባልም። ጫማ መሸጫ ሂዱ፣ መኪና መሸጫ ሂዱ፤ ዕቃውን አገላብጦ የሚያይ፣ ጠይቆ የማይጠግብ፣ በመጨረሻ "እስኪ ላስብበት" ብሎ እጁን ኪሱ ከትቶ የሚሄድ ሰው አይጠፋም። በየወሩ አንድ እሁድ በቼክ አገር፣ ብርኖ ከተማ የባህል አዳራሽ ውስጥ እባብና ሸረሪት ለምንሸጥ ለእኛ ግን የአሳቢዎች ሁሉ አለቃ ደርሶናል፤ ክቡር አቶ ሉቦሚር።

አቶ ሉቦሚር ጡረታ የወጡ የትራም ነጂ ናቸው። ሰባን አልፈዋል፣ ዳሌያቸው ያስነክሳቸዋል። ሐኪሙ ኦፕራሲዮን ያስፈልግዎታል ቢላቸው፣ እሱንም "እስኪ ላስብበት" ብለውት ወጡ። ለገና ጠብሰው ሊበሉት የገዙትን ዓሣ ደግሞ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ አቆይተው፣ ስም አውጥተውለት፣ መጨረሻ ላይ ወንዝ ውስጥ ለቀውት ድንች በልተው ያደሩ ሰው ናቸው።

የሚፈልጉት ሸረሪት እንደ ዓሣው ቀላል አልነበረም። በየአርቢው ቤት የሚገኘው ተራ ታራንቱላ፣ ያ ትልቁ ጸጉራም ሸረሪት፣ አያረካቸውም። ዓይናቸው ያረፈው እግረ ሰማያዊ በምንለው፣ እኔን ጨምሮ በጣት የምንቆጠር ሰዎች ብቻ በምናረባው ጸጉራም ላይ ነው። ይህ ፍጡር ቀኑን ሙሉ ጉድጓዱ ውስጥ ስለሚውል ባለቤቱ የሚያየው አፈር ብቻ ነው።

"ታዲያ ያን ሁሉ የምከፍለው አፈር ለማየት ነው?" አሉኝ መጀመሪያ ቀን።

"አዎ፣ ለአፈር ነው።"

"ጨዋ ነው ማለት ነው፤ አያስቸግርም። እስኪ ላስብበት።"

አሰቡበት። በሚቀጥለው ወር የመደርደሪያቸውን ስፋት ለክተው መጡ። ቀጥሎ የትራም ድምፅ ይረብሸው እንደሆነ ጠየቁ። ከዚያ ሽንኩርት ሲጠበስ ይታመም እንደሆነ። አንድ ክረምት ሙሉ ባዶ የመስታወት ሳጥን ሲያሞቁ ከረሙ፤ ሙቀቱንም ልጁ ትኩሳት እንደያዘው አባት ተጨንቀው ይነግሩኝ ነበር። ጎኔ እባብ የሚሸጠው ጺማሙ ኦታካር ገና ከበሩ ሲያያቸው "ራድካ፣ እጮኛሽ መጡ!" ይለኛል። እሳቸውም "አንተ ዝም በል፤ እባብህ እንኳ ካንተ ይሻላል፣ አይናገርም" ብለውት ያልፋሉ።

የገረመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ሰው ሁሉ ሴት ሸረሪት ሲሻማ እሳቸው ወንድ ካልሆነ አሉ።

"አቶ ሉቦሚር፣ ወንዱ እኮ ቶሎ ይሞታል። ሴቷ ሃያ ዓመት ትኖራለች።"

"እኔም ወንድ የምልሽ ለዚሁ ነው።"

"እንዴት?"

ኮፍያቸውን አወለቁ። "ልጄ፣ ሚስቴ ስትሞት ድመቷን ትታልኝ ሄደች። ድመቷ እስክትሞት ድረስ በር በሩን ስታይ ኖረች። እኔ በተራዬ በር በሩን የሚያይ ትቼ አልሄድም።"

"ሸረሪት እኮ በር አያይም።"

"አንቺ በምን ታውቂያለሽ? ጉድጓድ ውስጥ ነው ያለው።"

አንጀቴን በሉት። ካሉኝ ግልገሎች ውስጥ ቀጠን ያለውን መረጥኩላቸው። የግልገል ጾታ በእርግጠኝነት የሚለየው፣ ሲያድግ የጣለው ቆዳ በማጉያ መነጽር ሲታይ ነው፤ በዓይን ሲያዩት ግምት ነው። እኔ ወንድ ነው አልኩ። ኦታካርም ጎንበስ ብሎ አየና "ወንድ ካልሆነ ጺሜን እላጫለሁ!" ብሎ ማለ። አቶ ሉቦሚርም ሸረሪቱን ከነዕቃው ጉያቸው ውስጥ ሸጉጠው፣ ሳያስቡበት ሄዱ።

ከዚያ ጠፉ። አንድ ወር ቀሩ፣ ደገሙ። ያን ሁሉ ጥያቄ ስሸሽ የኖርኩ ሴት፣ በሩን ማየት ጀመርኩ። አዳራሹ ሙሉ ሰው ነበር፤ ለእኔ ግን ጭር አለብኝ። ናፍቀውኝ ነበር።

በሦስተኛው ወር ከዘራቸውን ወለሉ ላይ እያንኳኩ ደረሱ። "አጭበርባሪ!" አሉና የክብሪት ቀፎ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። ውስጡ የሸረሪቱ ቆዳ ነበር። በማጉያ መነጽር አየሁት። ኦታካርም አየና ጺሙን በእጁ ሸፈነ።

ሴት ናት።

"ይቅርታ፣ አቶ ሉቦሚር። ይመልሷትና ወንድ እሰጥዎታለሁ።"

"ምን?" ቀፎውን ከእጄ ነጠቁኝ። "ቦዠና ብዬ ስም ያወጣሁላትን ልመልስ? ወንበር መሰለችሽ? አንቺው ነሽ ጉድ የሠራሽኝ! ሃያ ዓመት እኮ ነው! ዘጠና እስካልፍ መሞት አልችልም። ቢራ ቀንሻለሁ። ደረጃ በእግሬ እወጣለሁ። ለዳሌዬም ቀጠሮ ያዝኩ።"

"አሰቡበት ማለት ነው?"

"የማስብበት ጊዜ የታለ!"

ከዚያ ዞር ዞር ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ምናልባት ግን... እኔ ከቀደምኳት፣ አንቺ ትወስጃታለሽ?"

መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። መውሰዴ ይጠየቃል? ግን ቀና ብዬ አየኋቸው። ጉንጫቸው ቀልቷል፣ ዓይናቸው በርቷል፣ የተናደደና በሕይወት ያለ ሰው። እሺ ካልኳቸው ልባቸው ያርፋል፤ ልባቸው ካረፈ ደግሞ ደረጃውን ትተው በአሳንሰሩ መውጣት ይጀምራሉ።

"እስኪ ላስብበት፣ አቶ ሉቦሚር" አልኳቸው።

ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መቱ። "ይሄ ምን የሚታሰብበት ነገር አለው? እንግዲያው በወሩ መጥቼ እጠይቅሻለሁ!" አሉና እየተቆጡ ሄዱ።

ይምጡ። እኔ እንደሆነ ሃያ ዓመት ላስብበት ቆርጫለሁ።