ትንፋሼ የመለሰው ቃለ መጠይቅ

እኛ ሐበሾች «አዎ» ለማለት ቃል እንደማያስፈልገን አስተውላችኋል? ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ፣ «እ!»፤ አለቀ። ይቺ «እ!» ጅዳ ላይ ጉድ ልትሠራኝ ነበር።

ተወልጄ ያደግሁት መካ፣ ኩዳይ ነው። ወላጆቼ የወሎ ሰዎች ናቸው። የሁላችንም ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሚታደሰው በአባቴ ከፊል፣ በሳዑዲው አሠሪው ዋስትና ነው። አሠሪው ደግሞ አርጅቶ ሱቁን ሊዘጋ ነው። ከዘጋ «ኸላስ፣ ያላ» ነው፤ ሻንጣችሁን አንሡ። እኔ በራሴ ሥራ ኢቃማ ካገኘሁ ግን እዚሁ እቀራለሁ፤ እነሱንም የማስቀረት ተስፋ ይኖረኛል። ታዲያ ጅዳ ያለ አንድ ትልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያ ለባክኤንድ ኢንጂነርነት ቃለ መጠይቅ ሲጠራኝ ደስታው እንቅልፍ ነሳኝ። ከሸረፊያ ገበያ አዲስ ዐባያ ሁሉ ገዛሁ።

እናቴ ባክኤንድ ምንድን ነው አለችኝ። ሰው ስልኩ ላይ የሚነካካውን ሳይሆን ከጀርባው ያለውን መሥራት ነው አልኳት። ፊቷ ተለወጠ። «ከሰው ጀርባ መሥራትማ ሐራም ነው፣ ልጄ!» እስክትረዳኝ አበሳዬን አየሁ። ከገባት በኋላ ግን ዱዓዋን አዥጎደጎደችው።

ጠያቂዬ ሪም የምትባል ዮርዳኖሳዊት ኢንጂነር ነች። በዐረብኛ፣ ዳታቤዝ ላይ ሠርተሻል ወይ አለችኝ። «እ!» አልኩ። ደንግጣ ወደ ኋላዋ ዞረች። በረሮ ያየሁ መስሏታል። ሺህ ሰው በአንዴ ሲገባበት የማይወድቅ ሲስተምስ ሠርተሽ ታውቂያለሽ? «እ!» ውሃ አስመጣችልኝ። ቆይታ፣ አስም አለብሽ እንዴ አለችኝ። ወላሂ የለብኝም ልል ስል፣ በድንጋጤ «እ!» አመለጠኝ። አስም አለብኝ ብዬ አረፍኩት!

ዐረብኛው እንደ ውሃ ነው የሚወርድልኝ። ሲጨንቀኝ ግን ትንፋሼ አማርኛ ይናገራል፤ ምን ላድርገው? «አመል ያወጣል ከመሐል» ለካ ለእኔ የተተረተ ነው አልኩ በሆዴ። ኢቃማው፣ ተስፋው፣ አዲሱ ዐባያ ሳይቀር በዓይኔ ላይ ዞረ።

ሪም ግን ሌላ ጥያቄ አመጣች። አንድ ሰርቨር ለሌላው መልእክት ላከ እንበል፤ መድረሱን በምን ያውቃል?

ይሄኔ እናቴ ትዝ አለችኝ። ኮምቦልቻ ካለችው አክስቴ ጋር በስልክ ስታወራ በየመሐሉ «እ!»፣ «እ!» ትላለች። ትንሽ ዝም ካለች አክስቴ «አለሽ? ሃሎ!» ብላ ወሬውን ትደግመዋለች። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ሰርቨር ግን ዝም ካለ ነቅዟል! ይህንኑ ለሪም ነገርኳት። የቅድሙም ትንፋሽ አስም ሳይሆን «ደርሶኛል» ማለት እንደሆነ አስረዳኋት።

ሪም ወንበሯን ሳብ አደረገች። እሺ፣ መልእክቱ ደርሶ መልሱ መንገድ ላይ ቢጠፋና ላኪው ቢደግመውስ? ምን ችግር አለው አልኳት፤ አክስቴ «የጎረቤቴ ልጅ ዘሃራ አገባች» ብላ ሦስት ጊዜ ብትነግራት፣ እናቴ እልል የምትለው አንዴ ነው። ሰርቨሩም የሰማውን ለይቶ ማወቅ አለበት። ሪም በሳቅ ጠረጴዛውን መታችው። ከዚያ በኋላ ያለው ጨዋታ እንጂ ቃለ መጠይቅ አልነበረም፤ ወላሂ ባያልቅ ደስ ባለኝ!

በሳምንቱ ኩዳይ ቤታችን ተቀምጠን ስልክ ተደወለ። ራሷ ሪም ነች። እናትና አባቴ እንዲሰሙ ድምፁን ከፈትኩት። ሥራው ያንቺ ነው፣ ኢቃማሽንም ወደ እኛ እናዞረዋለን፣ ትቀበያለሽ ወይ አለች። «እ!» አልኩ። እናቴ ከጎኔ «እ!» አለች። አባቴም «እ!»

ሪም ሳቀች። «ሦስት ጊዜ ደርሶኛል፤ የምቀጥረው ግን አንዴ ነው!»

አመል ከመሐል ያወጣል፤ ይሁን። የት እንደሚያስገባ ግን ተራቹ አልነገረንም። አይደለም እንዴ?

ይኸው፣ ትንፋሻችሁን ሳብ አደረጋችሁ። ደርሶኛል፤ አልደግመውም።